የብራና ሥዕል ሙያና የዘመናዊው ሥነ ጥበባችን ዕዳ

የአንድ ኅብረተሰብ ሥነ ጥበብ የደረሰበት ደረጃ በአዳራሽ በሚሰቀሉ ሥዕሎች ብዛት ብቻ የሚመዘን አይደለም። ከሥዕሎቹ በስተጀርባ ያለው የእጅ ዕውቀት ከማን ወደ ማን፣ በምን መንገድና በምን የኑሮ ዋስትና እንደሚተላለፍም አብሮ ሊመረመር ይገባዋል። በዚህ መመዘኛ ሲታይ በአገራችን አንድ ግልጽ ቅራኔ አለ። የጥንቱን የብራና ሥዕል በየመድረኩ እናወድሳለን፤ በቀን መቁጠሪያና በፖስታ ካርድ እናትመዋለን፤ ለውጭ እንግዳ በስጦታ እናበረክተዋለን። ሙያውን ራሱን ግን፣ ይኸውም ቆዳውን ፍቆ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ ሐረጉን ስቦና መልኩን አውጥቶ መጽሐፉን የሚያደርሰውን የሥራ ዕውቀት፣ ራሱን ችሎ በዲግሪ ደረጃ የሚሰጥ የትምህርት ዘርፍ አላደረግነውም። ሥራው ሲከበር ሠሪው ተዘንግቷል።

ቅራኔው ጎልቶ የሚታየው በአራዳና በፒያሳ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ከአዲስ አበባ መቆርቆር በፊት የሠዓሊው አሠሪ ንጉሥ፣ መኳንንት ወይም ገዳም ነበር። ሠዓሊው ሥዕሉን ለቤተ መቅደስ ግድግዳ ወይም ለመጽሐፍ ቅጠል ይሠራል፤ ምግቡንና ልብሱን ካሠሪው ይቀበላል፤ ስሙን ብዙ ጊዜ አያኖርም። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ተቆርቁራ አብያተ ክርስቲያናት ሲበራከቱ ከጎጃም፣ ከጎንደርና ከሰሜን ሸዋ የመጡ ሠዓሊዎች በዚሁ ሰፈር ዙሪያ ተሰባሰቡ። የአራዳ ገበያ በቅዱስ ጊዮርጊስ ደጅ ነበረና የግሪኩ፣ የአርመኑና የሕንዱ ነጋዴ ሱቅ፣ የሌጋሲዮኑ እንግዳና የቤተ ክርስቲያኑ ሠዓሊ በአንድ መንገድ ላይ ተገናኙ። ከዚህ ግንኙነት አዲስ ዓይነት ሥዕል ተወለደ። ከመቅደሱ ግድግዳ ወርዶ በአቡጀዲ ላይ ተሠራ፤ ተጠቅልሎ ተሸጠ፤ ባሕር ተሻግሮ ሄደ። የዓድዋ ጦርነት፣ የንግሥተ ሳባ ታሪክ፣ የግብር አዳራሽ፣ የአደንና የዳኝነት ሥዕሎች በዚህ መንገድ ተስፋፉ። እንደ በላቸው ይመርና እንደ እማዕላፍ ኅሩይ ያሉ ሠዓሊዎች የዚህ ሽግግር ሰዎች ናቸው። የሳባ ንግሥትን ታሪክ በተከታታይ ትንንሽ ሳጥኖች ከፋፍሎ፣ ከየሥዕሉ ሥር ጽሑፍ አክሎ የማቅረቡ ዘዴም የብራናው መጽሐፍ ገጽ በአንድ ጨርቅ ላይ ተዘርግቶ እንደማለት ነው።

በዚህ ላይ የዓድዋን ሥዕል ጠጋ ብሎ መመርመር ይጠቅማል። ሁላችንም አይተነዋል፤ አይተነው ያላነበብነው ግን ብዙዎች ነን። ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ይታያል። በአንድ ወገን የኢትዮጵያ ሠራዊት ከነንጉሡና ከነእቴጌይቱ፣ በሌላው ወገን የኢጣልያ ጦር ተሰልፏል። ብዙ ጊዜ የኢትዮጵያ ወገን ፊት ለፊት ወይም ገደድ ብሎ በሁለት ዓይኑ ሲመለከት ጠላት በጎን ተስሎ አንድ ዓይን ብቻ ይታይበታል። ይህ የአሣሣል ጉድለት የሚመስለው ሰው ይኖራል። ነገር ግን ሕጉ ከብራናው መጽሐፍ የመጣ ነው። በብራናው ሥዕል ጻድቅ ሁለት ዓይን አለው፤ ሰይጣን፣ ይሁዳና ሰማዕታትን የሚያሠቃየው ወታደር በጎን ይሣላሉ። የአራዳው ሠዓሊ ይህንን የሃይማኖት ሰዋስው ወስዶ በ1888 ዓ.ም. በተፈጸመ የዘመኑ ታሪክ ላይ ሲያውለው፣ ማንም ሳያዝዘውና በየትኛውም ትምህርት ቤት ሳይማር፣ የጥንቱን ቅርጽ በአዲስ ይዘት ሞልቶ አሳይቷል። ስለ ዘመናዊነት በኢትዮጵያ ሥዕል ሲጻፍ ከአውሮፓ ተምረው የተመለሱትን ብቻ መነሻ የማድረግ ልማድ አለ፤ በእኔ አስተያየት ይህ ልማድ እርማት ያሻዋል።

ይሁን እንጂ ሥዕል ሸቀጥ ሲሆን የሚያስከትለውን ጉዳት መሸፋፈን ተገቢ አይሆንም። ገዥው የሚጠይቀው አንድ ዓይነት ነገር ከሆነ ሠዓሊው ያንኑ መላልሶ ይሠራል። ዛሬ የሳባን ታሪክ ነገም ያንኑ፣ በወር ሃያ ጊዜ የሚስል እጅ ይፈጥናል እንጂ አይበስልም። ከዚህ የባሰውም አለ። ይህ ጸሐፊ ከዓመታት በፊት ፒያሳ ውስጥ ከአንድ የስጦታ ዕቃ መሸጫ ገብቶ አንዲት ትንሽ የጸሎት መጽሐፍ አገላብጦ ነበር። ጽሕፈቱ አሮጌና የተስተካከለ ነው። በየመካከሉ ግን ጽሕፈቱ ተፍቆ በቦታው አዲስ መላእክትና አዲስ ፈረሰኞች ተስለዋል፤ ቀለሙ ገና ያብለጨልጫል። ሻጩ ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ሥዕል ከሌለበት ይልቅ እንደሚሸጥ ያለ ሐፍረት አስረዳ። በሌላ መደርደሪያ ላይ ደግሞ ትናንት ተሠርቶ በጭስ የጠቆረ ብራና እንደ ጥንታዊ ቅርስ ተቀምጦ ነበር። የሚያሳዝነው ማጭበርበሩ ብቻ አይደለም። መላእክቱን የሳለው እጅ ደካማ እጅ አልነበረም። ያ እጅ በሐቀኛ ሥራ የሚያድርበት ቦታ ቢያገኝ ኖሮ የሌላውን ሥራ ለመፋቅ ባልዋለም ነበር።

ለመሆኑ የዚህ ሙያ ዕውቀት ምን ምን ይዟል? ብዙ ሰው ብሩሽና ቀለም ይመስለዋል። ሥራው የሚጀምረው ከቆዳው ነው። የፍየል ቆዳ፣ አልፎ አልፎም የበግ፣ በውኃ ተዘፍዝፎ ይቆያል። ከዚያ በእንጨት መወጠሪያ ላይ በገመድ ተስቦ ሥጋው ይፋቃል፤ ፀሐይ ይመታዋል፤ ጠጉሩ ይላጫል፤ በሸካራ ድንጋይ ይታሻል። ወጣሪው ገመዱን የሚያጠብቅበትን ጊዜ ካላወቀ ቆዳው ይቀደዳል ወይም ይጨማደዳል። ብራናው ተቆርጦ ሲዘጋጅ ዳርና ዳሩ በወስፌ ይወጋል፤ ከነጥብ ነጥብ ያለ ቀለም መስመር ይሰመራል። ፊደሉ የሚቆመው፣ የሐረጉ ስፋት የሚለካው፣ የሥዕሉም ሳጥን የሚወሰነው በዚህ በማይታይ መስመር ነው። ብርዑ ከመቃ ይቀረጻል። ጥቁሩ ቀለም ከጥቀርሻ፣ ከተቆላና ከተፈጨ እህል፣ ከቅጠል እየተበጠበጠ ለወራት ይቆያል። ቀዩ ለቅዱሳን ስምና ለምዕራፍ መክፈቻ ይጠበቃል። ብዙ ጊዜ ቁም ጸሐፊውና ሠዓሊው ልዩ ልዩ ሰዎች ስለሚሆኑ ጸሐፊው ለሠዓሊው ቦታ ትቶ ያልፋል። እንግዲህ አንድ መጽሐፍ የብዙ ሙያዎች የሥራ ክፍፍል ውጤት መሆኑን ልብ ይሏል። ከእነዚህ አንዱ ሲሞት ቀሪዎቹም ይሽመደመዳሉ።

በአንድ ወቅት ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተመረቀ ወጣት ከአንድ ሽማግሌ ካህን ሠዓሊ ዘንድ ሄዶ ሥራ ሲማር ተመልክቻለሁ። ወጣቱ "የኔታ" እያለ ያገለግላቸው ነበር። የሰውን አካል ስፋትና ርዝመት፣ የብርሃንንና የጥላን ሕግ ጠንቅቆ ያውቃል፤ የፊትን ዙሪያ መስመር በአንድ ትንፋሽ መሳብ ግን አቃተው። ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ ሦስቱንም የኔታ ዝም ብለው በእርጥብ ጨርቅ ጠረጉለት። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ሐረግ ብቻ እንዲስብ አዘዙት። ሐረግ ሲባል አንባቢ እንደሚያውቀው በመጽሐፍ አናት ላይ እንደ ወይን ተክል የሚጠላለፈው ጌጥ ነው። ወጣቱ መጀመሪያ ላይ ይህ ለጀማሪ ሕፃን የሚሰጥ ሥራ መስሎት ቅር ተሰኘ። ቆይቶ እንደገባው ግን የሐረጉ ጥልፍልፍ የእጅን ፍርሃት የሚያስወግድ ልምምድ ኖሯል። መስመሩ ከየት ተነሥቶ ከየት እንደሚገባ አስቀድሞ ያላሰበ ሰው መሐል ላይ ተብትቦት ይቀራል።

ይህን የመሰለ ትምህርት ለምን ከዘመናዊው ትምህርት ቤት ተለየ? ምክንያቱን በትምህርት ቤቱ ላይ ብቻ መጫን ቀላል ነው፤ እውነቱ ግን ከዚያ ይርቃል። በባላባታዊው ሥርዓት የእጅ ሥራ የተናቀ እንደ ነበር ይታወቃል። ቆዳ የሚያለፋው "ፋቂ"፣ ብረት የሚቀጠቅጠው "ጠይብ" እየተባለ ይሰደብ፣ በቡዳነትም ይጠረጠር ነበር። በ1900 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ የእጅ ሙያተኛን መሳደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ችግሩ ሥር ስለ ሰደደ ነው። ስድቡ በአዋጅ ቢከለከልም አስተሳሰቡ መልኩን ለውጦ ወደ ዘመናዊው ዓለም ገባ። በዲግሪ የሚገኘው "ጥበብ"፣ በቆዳና በጥቀርሻ የሚገኘው ደግሞ "ባህላዊ ዕደ ጥበብ" ተባለ። በስያሜው ውስጥ የተደበቀ የደመወዝ ልዩነት እንዳለ ማንም አይስተውም።

የሚገርመው የዘመናዊው ሥዕላችን መሥራቾች ይህን ልዩነት የፈጠሩ ሰዎች አለመሆናቸው ነው። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን በ1950 ዓ.ም. ያቋቋሙት አለ ፈለገ ሰላም የፍቼ ተወላጅ ሲሆኑ፣ በቺካጎ ከመማራቸው በፊት የቤተ ክርስቲያን ሥዕልን በቤተሰብ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1924 ዓ.ም. ሐረር ሲወለድ አባቱ አለቃ ደስታ ነገዎ ብራና የሚጽፉና በሥዕል የሚያስጌጡ ሊቅ ነበሩ። ኮሎኝ ተምሮ ተመልሶ ረቂቅ ሥዕልን ለአዲስ አበባ ተመልካች ሲያቀርብ ብዙዎች ፈረንጅ ሆኖ መጣ ብለው አምተውታል። "ጎልጎታ" የተሰኘውን ሥዕሉን ያየ ግን ስቅለቱ ወደ ቀይ ቀለም ተጠቅልሎ የገባ መሆኑን አይስተውም። ቀይ በብራናው ላይ ለምን እንደሚጠበቅ ለሚያውቅ ልጅ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንም። እስክንድር ቦጎሲያን ከለንደንና ከፓሪስ ትምህርቱ በኋላ ወደ ክታቡ ጥቅል ተመልሷል። በሰው ቁመት ልክ የሚዘጋጀው፣ በዓይኖቹ ብዛት ክፉ መንፈስን ያስፈራል የሚባለው ጠልሰም በሥራዎቹ ውስጥ አዲስ ሕይወት አግኝቷል። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአዲስ አበባ፣ ከዚያም በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት አስተምሮ በ1995 ዓ.ም. ዐርፏል። ዘሪሁን የትምጌታ የክታቡን ምስል በተቀጣጠሉ የቀርከሃ ዝንጣፊዎች ላይ አሳርፎ እ.ኤ.አ. በ1992 በዳካር ቢዬናሌ ተሸልሟል። ወሰኔ ኮስሮፍ ፊደሉን ራሱን ወደ ሥዕል ለውጦታል።

ስለዚህ ዘመናዊው ሥዕላችን ለብራናው ሙያ ባለዕዳ ነው ስንል ማጋነናችን አይደለም። ጥያቄው ይህ ዕዳ በምን ይከፈላል የሚለው ነው። ከላይ የተጠቀሱት ሰዎች ዕውቀቱን ያገኙት ከአባታቸው፣ ከዘመዳቸው ወይም በግል ፍለጋቸው ነው። አባቱ ቁም ጸሐፊ ያልሆነ፣ በኮንዶሚኒየም ያደገ የዛሬ ተማሪ ከየት ያግኘው? ከየትም ስለማያገኘው የውጭውን ምልክት ብቻ ይወስዳል። ትልልቅ ዓይን፣ ጥቂት ፊደል፣ አንድ መስቀል፣ ከጀርባው ቡናማ ቀለም። በየዐውደ ርእዩ ይህን የመሰለ ሥዕል ስንት ጊዜ ዓይተናል! ቅርስን ማክበር መስሎ የቀረበ ቢሆንም ከፒያሳው የስጦታ ዕቃ በዋጋው ካልሆነ በቀር የሚለየው ጥቂት ነው።

በዚህ ረገድ ሁለት ተቃራኒ ወገኖች ያነሧቸው ክርክሮች አሉ። አንደኛው ወገን መቅዳት ፈጠራን ይገድላል፤ ወጣቱን ለዓመታት ሐረግ ስታስስብ ኖረህ አርቲስት አታገኝም ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ሥዕሉ ቅዱስ ስለሆነ ቀኖናውን ከማያውቅና ከማይጾም ሰው እጅ መግባት የለበትም ባይ ነው። ለሁለተኛው ወገን ክብር መስጠት ይገባል፤ ለጸሎት የሚሠራውን ሥዕል ቤተ ክርስቲያን በራሷ ሥርዓት ትጠብቅ። ሆኖም ቆዳ ማዘጋጀት፣ ቀለም መበጥበጥ፣ መስመር መሳብና መጽሐፍ መጠረዝ የየትኛውም ሃይማኖት ተከታይ ሊማረው የሚችል ሙያ ነው። የሐረር ቁርኣን ጸሐፊዎችና ጠራዦች የራሳቸው የተራቀቀ የእጅ ባህል እንደ ነበራቸው፣ በሐረር ከተማ የሸሪፍ ሙዚየምም ይህንኑ ቅርስ ሰብስቦ እንደሚጠብቅ ይታወቃል። ሁለቱን ባህሎች በአንድ የሥራ ክፍል ጎን ለጎን ማስተማር ቢቻል ተማሪው ከየትኛውም ንግግር ይልቅ ስለ አገሩ ብዙ ይማር ነበር።

ለአንደኛው ወገን መልሱ ከላሆር ይመጣል። በፓኪስታን የሚገኘው የላሆር ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ኮሌጅ የሙጋልና የፋርስ የመጽሐፍ ሥዕልን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ራሱን የቻለ የዲግሪ ትምህርት አደረገው። ተማሪው መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ወረቀቱን ደራርቦ አጣብቆ፣ ከጠጉር በተሠራ ቀጭን ብሩሽ የጥንቱን ሥዕል በትጋት ይቀዳል። ያን ጊዜም ይህ ወደ ኋላ መመለስ ነው፣ የቱሪስት ሥራ ነው ያሉ ነበሩ። ሻዚያ ሲካንደር ግን ከዚያው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መግቢያ ላይ ወጥታ ዓለም የሚያውቃት የዘመናችን አርቲስት ሆናለች፤ ሌሎችም ተከትለዋታል። ልጅቱ ሕጉን ጠንቅቃ ስላወቀች ሕጉን መጣስ ቻለች። የላሆሩ ወግ ከእኛ የበለጠ ረጅም ዕድሜ ያለው አይደለም። በዓድዋ አካባቢ ያለው የአባ ገሪማ ወንጌል በሳይንሳዊ ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ የተሠራ መሆኑ ተረጋግጧል። በዓለም ላይ ካሉ ባለ ሥዕል የክርስቲያን መጻሕፍት ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ፍሬ ጽዮን ስሙን በሥራው ላይ አኑሮ አልፏል። እኛ የጎደለን ታሪክ ሳይሆን የክፍል ቁልፍ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ የፒያሳ ነባር ሰፈሮች ብዙዎቹ ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄደዋል። መጸዳጃ በሌለው ጎስቋላ ቤት ውስጥ ሰው ለቅርስ ሲባል ይኑር የሚል ክርክር ይህ ጸሐፊ አያቀርብም። ግን አንድ ነገር ሊታሰብበት ይገባል። የእጅ ሙያ በአድራሻ ይኖራል። ጨርቅ ሻጩ፣ ቀለም ሻጩ፣ ሥራ የሚያዘው ደብርና ደጅ ጠንቶ የሚማረው ልጅ በአንድ ሰፈር ሲገኙ ሙያው ራሱን ያስተምራል። ሠዓሊው አንድ ሰዓት ተኩል በአውቶቡስ ወደሚኬድበት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ከተዛወረ ቆዳውን ከየት ይወጥራል? ሽታውንስ ጎረቤት ይታገሠዋል? በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ መቅደስ ውስጥ የአፈወርቅ ተክሌን ሥራዎች የምናየው ያ ሕንፃ ስለ ቆመ ነው። ሕንፃ የሌለው ሙያ ግን ሲፈርስ ድምፅ አያሰማም።

ስለዚህ ከፒያሳ በእግር በሚደረሰው፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በመሥራቹ በአለ ፈለገ ሰላም ስም በሚጠራው ትምህርት ቤት ውስጥ የብራና ሥዕል የሥራ ክፍል እንዲከፈት መጠየቅ ከአቅም በላይ የሆነ ምኞት አይደለም። ስድስት ኪሎ ባለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ተማሪው ጥንታዊ ሥዕላትንና የብራና መጻሕፍትን በቅርብ ሊመለከት ይችላል። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተዘረፉትን ግን በለንደን ቤተ መጻሕፍት ደጅ ካልሆነ በመስታወት ማሳያ ላይ ብቻ ያያቸዋል። ይህ የራሱ ክርክር ስላለው እዚህ ላይ አናራዝመውም።

ዋናው እንቅፋት ገንዘብ አይመስለኝም። እንቅፋቱ መምህሩ ነው፤ ይበልጥ በትክክል ለመናገር የመምህሩ የቅጥር ፎርም። ዩኒቨርሲቲ የሚቀጥረው በዲግሪ ነው። ለዐርባ ዓመት ብራና ሲፍቁና ሲስሉ የኖሩ ካህን ወይም ደብተራ ፎርሙ ላይ "የትምህርት ደረጃ" በሚለው ቦታ ምን ይሞላሉ? ቄስ አዳሙ ተስፋው ከጎጃም ቢቸና አካባቢ መጥተው በዚህች ከተማ ሲስሉ ኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ሎስ አንጀለስ በሚገኝ የዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ሥራዎቻቸው ብቻቸውን በዐውደ ርእይ ቀርበዋል፤ መጽሐፍም ተጽፎላቸዋል። በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሥራ ያላቸው ሰው በአገራቸው ዩኒቨርሲቲ ረዳት መምህር እንኳ ሆነው ሊቀጠሩ የማይችሉበት ደንብ ካለ ደንቡ ይሻሻል። በሙያ ልቀት የሚሰጥ የመምህርነት ማዕረግ በወርሃዊ ደመወዝ ይውጣ፤ የአበል ድርጎ ሳይሆን ደመወዝ። ከእያንዳንዱ መምህር ጋር አራት ወይም አምስት ተማሪዎች ይመደቡ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ እጁን አያዩትም።

የትምህርት ዘመኑም ለዚህ ሥራ ይመቻል። ክረምት ላይ የተወጠረ ቆዳ አይደርቅም፤ ይሸታል፤ ይበሰብሳል። ትምህርት በሚከፈትበት በጥቅምት ግን ዝናቡ አባርቶ ፀሐዩ ይወጣል፤ የፍየል ቆዳም ከበዓላት በኋላ በየገበያው በርካሽ ይገኛል። የመጀመሪያው ወር ለውጠራና ለፍቂያ ቢውል፣ ጥቀርሻው በኅዳር ቢበጠበጥ፣ ቀለሙ እስኪበስል ተማሪው ሐረግ ሲስብ ይከርማል።